አካባቢ ነጥሎ መዝጋት ወይስ ሁሉንም መዝጋት? ወረርሽኝ ሲመጣ ለታማሚና ለቤተሰቡ የሚሻለው የትኛው ነው?

ቤትዎ ውስጥ በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው፣ ኢንሱሊን የምትወጋ እናት ወይም የመውለጃ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ካሉ፣ “ከተማው ሊዘጋ ነው” የሚለው ወሬ ለእርስዎ እንደ ሌላው ዜና አይደለም። ጎረቤት ስለ ዱቄትና ዘይት ሲያስብ፣ እርስዎ የሚያስቡት ነገ ሕክምና ቦታ እንዴት እንደሚደርሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ክርክሩ ግን አላበቃም። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የድርጅቱ አባል አገሮች ወደፊት ለሚመጡ ወረርሽኞች የሚያገለግል ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቀዋል። ስምምነቱ ድርጅቱ አንድን አገር “ዝጋ” ብሎ እንዲያዝ ሥልጣን አይሰጠውም። ውሳኔው የየአገሩ መንግሥት ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ “ሁሉንም እንዝጋ ወይስ በሽታው ያለበትን ሰፈር ብቻ?” የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ውሳኔው የሚነካው ደግሞ በቅድሚያ ታማሚውንና አስታማሚውን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ መንገዶች መቼ እንደሠሩ፣ መቼ እንዳልሠሩና ለምን እንደሆነ እናያለን። በመጨረሻም ገደብ ሳይመጣ ቤተሰብዎ ምን ማዘጋጀት እንዳለበት እንገልጻለን።

ሁለቱ መንገዶች ምንድን ናቸው?

ሁሉንም መዝጋት ማለት በአንድ ከተማ ወይም አገር ያለ ሰው በሙሉ፣ ለምግብ፣ ለሕክምናና ለአስፈላጊ ሥራ ካልሆነ በቀር ከቤት እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ “ሎክዳውን” የምንለው ይህንን ነው።

ነጥሎ መዝጋት ማለት ደግሞ በሽታው በብዛት የታየበትን ሰፈር፣ ከተማ፣ ሕንፃ ወይም የሥራ ቦታ ለይቶ እዚያ ብቻ ገደብ ማድረግ ነው። ሌላው ሕዝብ እየተጠነቀቀ ሥራውን ይቀጥላል።

ነጥሎ መዝጋትን የሚደግፉ ባለሙያዎች የሚያነሱት ጠንካራ ነጥብ አለ። ሁሉም ሲዘጋ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሰው ይራባል፣ ሕፃናት ከክትባትና ከትምህርት ይቀራሉ፣ ካንሰርና የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ክትትላቸውን ያቋርጣሉ። በሽታው በአንድ ማዕዘን ሳለ ሚሊዮኖችን መቅጣት ለምን ያስፈልጋል? ይላሉ።

ሁሉንም መዝጋትን የሚደግፉትም መልስ አላቸው። ቫይረስ የቀበሌ ድንበር አያውቅም። ሰው ሰፈሩ ሊዘጋ መሆኑን ሲሰማ ሻንጣውን ይዞ ወደ ዘመድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የጣሊያን መንግሥት የሎምባርዲያን ክልል ሊዘጋ መሆኑ አስቀድሞ ሾልኮ በመሰማቱ፣ ብዙ ሰዎች በዚያው ምሽት በባቡር ወደ ደቡብ ለመሄድ ተጣደፉ። አገሪቱ በሙሉ የተዘጋችው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ልዩነቱን የሚፈታው ግን የትኛው “ጥብቅ” ወይም “ርኅሩኅ” ነው የሚለው ሳይሆን፣ በሽታው አሁን የት እንዳለ እናውቃለን ወይ? የሚለው ጥያቄ ነው።

የምናየው ካርታ የዛሬ አይደለም

አንድ ሰው ሰኞ ዕለት በኮቪድ ተያዘ እንበል። በመጀመሪያዎቹ የቫይረሱ ዝርያዎች ምልክት እስኪታይ በአማካይ 5 ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር። ሰውየው “ጉንፋን ይሆናል” ብሎ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጠብቃል። ከዚያ ይመረመራል፤ ውጤቱ እስኪደርስ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጨመራል። ስሙ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ከተያዘ 9 ቀን ሊሆነው ይችላል። በነዚህ ቀናት ውስጥ፣ ምልክት ከማሳየቱ አንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ፣ ለሌሎች ሲያስተላልፍ ቆይቷል።

በሽታው በየ3 ቀኑ እጥፍ የሚሆን ከሆነ፣ በ9 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል። ይህም 8 እጥፍ ማለት ነው። ዛሬ በመግለጫ “በዚህ ሰፈር 50 ሰው ተገኘ” ሲባል፣ በእውነቱ የተያዙት 400 ሊጠጉ ይችላሉ። ከነሱም ውስጥ ከሰፈሩ ውጭ የሚሠሩ፣ ለቅሶ የደረሱ፣ ታክሲ የተሳፈሩ ይኖራሉ።

ስለዚህ ነጥሎ መዝጋት የሚሠራው ምርመራው ብዙና ፈጣን ሲሆን፣ የእያንዳንዱ በሽተኛ ንክኪ ሲታወቅ ነው። ይህ ከሌለ የሚዘጋው በሽታው የነበረበት ሰፈር እንጂ ያለበት አይደለም። አባቶች “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንደሚሉት ይሆናል።

ይህንን በግልጽ የሚያሳዩት ሁለት የአውስትራሊያ ከተሞች ናቸው። የምንመርጣቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሁለቱም ከተሞች ሁለቱንም መንገድ ሞክረዋል፤ የሆነውም በይፋ ተመርምሮ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ ከተዘጉት ቤቶች ውስጥ የኢትዮጵያውያን ቤቶችም ነበሩ።

ሲድኒ፦ በአንድ ከተማ ሁለት ውጤት

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በሲድኒ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው አቫሎን ሰፈር ቫይረሱ ታየ። መንግሥት መላውን ከተማ ሳይዘጋ፣ ከዲሴምበር 19 ጀምሮ ያንን የባሕር ዳርቻ አካባቢ ብቻ ዘጋ። ገና በዓል ሊደርስ ቀናት ቀርተውት ነበር። ሕዝቡ በብዛት ለምርመራ ተሰለፈ። የተያዙት ሰዎች የት ተገናኝተው እንደነበር በፍጥነት ተለየ። ስርጭቱ ወደ 150 ሰዎች ከያዘ በኋላ ቆመ፤ ገደቡም በሦስት ሳምንት ገደማ ተነሳ። ነጥሎ መዝጋት እዚህ ሠርቷል።

ከስድስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2021፣ እዚያው ከተማ ውስጥ የዴልታ ዝርያ ገባ። መነሻው የዓለም አቀፍ በረራ ሠራተኞችን የሚያመላልስ አንድ ሹፌር ነበር። መንግሥት አሁንም ነጥሎ መዝጋትን መረጠ፤ ጁን 25 ቀን በአራት ወረዳዎች የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎች ቤት እንዲቀመጡ ታዘዘ። ትዕዛዙ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው በማግስቱ ታላቋ ሲድኒ በሙሉ ተዘጋች። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ተባለ፤ የተነሳው ግን ኦክቶበር 11 ቀን፣ ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ነዋሪዎች 70 በመቶው ሁለት ዶዝ ክትባት ከወሰዱ በኋላ ነው።

ከተማው አንድ፣ መንግሥቱም አንድ ነው። ምን ተለወጠ? ዴልታ ከቀድሞው ዝርያ እጅግ ፈጥኖ ይተላለፋል። የተዘጉት ወረዳዎች የከተማውን መሀል ስለሚያጠቃልሉ፣ ከየአቅጣጫው ሰው ገብቶ የሚወጣባቸው ናቸው። ከዚያም በሽታው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲድኒ ሲደርስ ያገኘው ከቤት ሆነው መሥራት የማይችሉ ሰዎችን ነው፦ የመጋዘን፣ የምግብ ማቀነባበሪያና የአረጋውያን እንክብካቤ ሠራተኞችን። በእነዚህ አካባቢዎች ስደተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ይበዛሉ። 12 ወረዳዎች ከሌላው የከበደ ገደብ ተጣለባቸው፤ የሌሊት ሰዓት እላፊ ተጨመረ፣ ፖሊሶችን የሚያግዙ ወታደሮችም ተሰማሩ። ሀብታሙ የባሕር ዳርቻ ሰፈር ቀለል ባለ ገደብ ሲኖር የእኛ ልጆች ለምን ይጠበቃሉ? የሚል ቅሬታ ተነሳ።

ነጥሎ መዝጋት ፍትሐዊ የሚመስለው ሌላውን ነፃ ስለሚተው ነው። የሚነጠለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰፈር ሲሆን ግን ሸክሙ በድሃው ላይ ያርፋል።

ሜልቦርን፦ ከሰፈር ወደ ከተማ በአንድ ሳምንት

ከሲድኒ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በሜልቦርን ቫይረሱ ከውጭ የመጡ መንገደኞች ተለይተው ከቆዩባቸው ሆቴሎች ወጣ። በኋላ የተደረገ ይፋዊ ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ የሁለተኛው ዙር ስርጭት ከሞላ ጎደል በሙሉ ከእነዚያ ሆቴሎች የተነሳ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2020 እኩለ ሌሊት ላይ 36 ሰፈሮች ተዘጉ። መንገድ ተሻግሮ ያለው ሰፈር ግን ክፍት ነበር። ጁላይ 4 ቀን ሌሎች ሰፈሮች ተጨመሩ። ጁላይ 7 ቀን በአንድ ቀን 191 አዲስ ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ በማግስቱም 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ በሙሉ ተዘጋች። ኦገስት 2 ቀን የሰዓት እላፊ ተጨምሮ ገደቡ ጠበቀ። የተነሳው ከ112 ቀን በኋላ ነው። ኦክቶበር 26 ቀን በክፍለ ግዛቱ አንድም አዲስ ታማሚ አልተገኘም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ሁሉንም መዝጋት ስርጭትን ማቆም መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ዋጋው ከባድ መሆኑ ነው። አስቸኳይ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎች ተላልፈዋል፣ ልጆች ለወራት ከትምህርት ቤት ርቀዋል፣ ብዙዎች ሥራቸውን አጥተዋል፣ ብቸኝነትና ጭንቀት በርትቷል። እንዲያም ሆኖ በዚያ ዓመት በቪክቶሪያ ከ800 በላይ ሰዎች በኮቪድ ሞተዋል። አብዛኞቹ በአረጋውያን መኖሪያ ተቋማት የነበሩ ናቸው። ከተማው ተዘግቶም ተንከባካቢ ሠራተኞች ከተቋም ወደ ተቋም ይመላለሱ ስለነበር፣ በሽታው አረጋውያኑን አላለፋቸውም።

ዘጠኙ ሕንፃዎች፦ ሰው ሲዘጋበት መድኃኒቱስ?

በሜልቦርን ከተደረገው ሁሉ ለታማሚ ቤተሰብ ትልቁ ትምህርት ያለው በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልቦርን ባሉ ዘጠኝ የመንግሥት የኪራይ ፎቆች በሆነው ነገር ላይ ነው። በሕንፃዎቹ 3,000 ገደማ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከቬትናምና ከሌሎች አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ይገኙባቸዋል። ሊፍቱ የጋራ ነው፣ የልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሰው ይኖራል። ለቫይረሱ የተመቸ ነበር።

ጁላይ 4 ቀን ከሰዓት በኋላ የግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዳንኤል አንድሩስ ሕንፃዎቹ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መዘጋታቸውን አስታወቁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶች በሮቹን ከበቡ። የሌላው ሰፈር ነዋሪ ቢያንስ ገበያና ሕክምና መሄድ ይችል ነበር፤ የእነዚህ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ግን ከየቤታቸው በር እንኳ መውጣት አልተፈቀደላቸውም። ብዙዎቹ ነገሩን ያወቁት ፖሊሶቹን በመስኮት ሲያዩ ነው። በቋንቋቸው የሚያስረዳ ሰው በጊዜው አልደረሰም። ምግብ ያለቀባቸው፣ መድኃኒት የዘገየባቸው ሰዎች ነበሩ። ክፍተቱን ለመሸፈን የሮጡት የየማኅበረሰቡ ወጣቶችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስምንቱ ሕንፃዎች ከአምስት ቀን በኋላ ሲፈቱ፣ አንዱ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ቆየ።

በዲሴምበር 2020 የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ ዴቦራ ግላስ ያወጡት ሪፖርት ሚዛናዊ ነበር። ስርጭቱን ለመግታት ሕንፃዎቹን ለጊዜው መዝጋት ተገቢ እንደነበር ተቀብሏል። ያለ ማስጠንቀቂያ በዚያችው ሰዓት መዘጋታቸው ግን በጤና ባለሙያዎች ምክር ላይ የተመሠረተ እንዳልነበረና የነዋሪዎቹን ሰብአዊ መብት እንደጣሰ ገልጿል። ምግቡን፣ መድኃኒቱንና አስተርጓሚውን ለማሰናዳት አንድ ቀን እንኳ ቢገኝ ብዙ ስቃይ ይቀር ነበር።

በዚህ አጋጣሚ የሁለቱ መንገዶች ስም ትርጉሙን ያጣል። ለመላው አገር “ነጥሎ መዝጋት” የሆነው፣ በውስጡ ላለችው እናት ከማንኛውም ሎክዳውን የጠበቀ ነበር። ስለዚህ “ሙሉ ነው ወይስ ከፊል?” ከማለት በተጨማሪ “በተዘጋው በር ውስጥ መድኃኒት እንዴት ይገባል? ታማሚስ እንዴት ይወጣል?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የበሽታው ጠባይም ይወስናል

ለአንዱ ወረርሽኝ የሠራ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኡጋንዳ ኢቦላ ሲነሳ ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ኦክቶበር 15 ቀን ሙቤንዴና ካሳንዳ የተባሉ ሁለት ወረዳዎችን ብቻ ዘጉ። አገሪቱ በሙሉ አልተዘጋችም። በሽታው ካምፓላም ቢደርስ፣ 142 የተረጋገጡ ታማሚዎች ከተመዘገቡ በኋላ በጃንዋሪ 2023 ማብቃቱ ታወጀ።

ነጥሎ መዝጋት እዚያ የተቻለበት አንዱ ምክንያት የኢቦላ ጠባይ ነው። በኢቦላ የተያዘ ሰው በሽታውን የሚያስተላልፈው ምልክት ማሳየት ከጀመረ በኋላ ነው፤ የሚተላለፈውም ከታማሚው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ነው። ስለዚህ በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘትና ንክኪዎቹን መከታተል ይቻላል። ኮቪድ ግን ምንም ያላመመው ሰው ትንፋሽ ውስጥ ሆኖ ይጓዛል። አዲስ ወረርሽኝ ሲሰሙ በመጀመሪያ የሚጠይቁት “ምልክት ሳይታይ ይተላለፋል ወይ?” የሚለውን ይሁን። መልሱ “አዎ” ከሆነ ነጥሎ የመዝጊያው ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የመረጠችው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አገሪቱ በሙሉ ግን አልተዘጋችም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በወቅቱ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነበር፦ ቤት የሌላቸው ብዙ ዜጎች አሉ፤ ቤት ያላቸውም የዕለት ኑሯቸውን በዕለቱ ሠርተው የሚያገኙ ናቸው።

በምትኩ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ተደረገ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ሆነ። አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምርም ታዘዘ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም፤ “ቤት ተቀመጥ” የሚባል ሰው መጀመሪያ ቤት ሊኖረው ይገባል።

ነጥሎ መዝጋትም ተሞክሯል። በመጋቢት 2012 መጨረሻ የአማራ ክልል በባሕር ዳርና በክልሉ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ከተገኙ በኋላ፣ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን እንቅስቃሴ እንዲያቆሙ ወስኖ ነበር።

አገሪቱ ባትዘጋም ታማሚዎች ተጎድተዋል። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ሕሙማን ተለየ፣ ሚሊኒየም አዳራሽም የሕክምና ማዕከል ሆነ። ብዙ ሰው በሽታ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ፈርቶ ከጤና ተቋም ራቀ። ይህ ሊታወስ ይገባል፤ ክትትልን የሚያቋርጠው የመንግሥት ትዕዛዝ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ነው።

በተቃራኒው ጥሩ ትምህርትም አለ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱና ሁኔታቸው ለተረጋጋ ሰዎች መድኃኒቱን ለብዙ ወራት በአንድ ጊዜ የመስጠት አሠራር ከወረርሽኙ በፊት ተጀምሮ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ ዝግጁ ነበሩ።

“አረጋውያንንና ታማሚዎችን ብቻ እንጠብቅ” ቢባልስ?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ሦስት ሳይንቲስቶች ባወጡት “የታላቁ ባሪንግተን መግለጫ” ለበሽታው የተጋለጡት ብቻ ይጠበቁ፣ ሌላው ሕይወቱን ይቀጥል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በዚያው ወር ሌሎች ሳይንቲስቶች በሕክምና መጽሔት “ላንሴት” ላይ መልስ ሰጡ፤ ስርጭቱ በኅብረተሰቡ ውስጥ ከበዛ ተጋላጩን ነጥሎ መጠበቅ አይቻልም አሉ።

ይህንን በእርስዎ ቤት ይመዝኑት። አያት ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል በሚያድሩበት፣ አባት ታክሲ ነድቶ በሚገባበት፣ እንጀራ ከአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ውስጥ “ተጋላጩን” ለብቻው ማቆየት በቃል ቀላል፣ በተግባር ከባድ ነው። የቪክቶሪያ አረጋውያን የሞቱት ልዩ ተቋም ውስጥ ሆነው መሆኑንም ያስታውሱ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ከእነዚህ ሁሉ የምናገኘው መልስ ይህ ነው። ነጥሎ መዝጋት ከተቻለ የተሻለው መንገድ ነው፤ የሚቻለው ግን ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦

• በሽታው የት እንዳለ በምርመራ ሲታወቅ፣ ይህም ሳይዘገይ ሲሆን፤
• የተነጠለው አካባቢ ሰው በየዕለቱ የሚፈስበት ካልሆነ፤
• ውስጥ ያሉት ሰዎች ምግብ፣ መድኃኒት፣ ገቢና በቋንቋቸው መረጃ ሲያገኙ።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሰፋ አድርጎ፣ ቀድሞና ለአጭር ጊዜ መዝጋት፣ ዘግይቶ ለወራት ከመዝጋት ያነሰ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። ድሃ በበዛበት አገር ደግሞ ሦስተኛው ነጥብ ለሁለቱም መንገድ ቅድመ ሁኔታ ነው። የተራበ ሰው ቤት ሊቀመጥ አይችልም፤ ይህ አለመታዘዝ ሳይሆን አለመቻል ነው።

ቤተሰብዎ ከአሁኑ ምን ያዘጋጅ?

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ ገደብ የሚመጣው በድንገት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ዛሬ ማድረግ ይቻላል፦

• የመድኃኒት ዝርዝር ይጻፉ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና የሕመሙን ስም በአንድ ወረቀት ያስፍሩ፤ በስልክም ፎቶ ያንሱት። የቀጠሮ ካርድዎን አብረው ያስቀምጡ። በኬላ ለማለፍም፣ በሌላ ጤና ተቋም ለመታየትም ይረዳል።

• መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል አይጠብቁ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያስሞሉ። ሁኔታዎ የተረጋጋ ከሆነ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። እንዲበቃ ብለው መጠን አይቀንሱ፤ ከሌላ ሰውም አይዋሱ።

• በድንገት የማይቋረጡ መድኃኒቶችን ይለዩ። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቶች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ መሥራት ግን የለበትም።

• የኩላሊት እጥበት ካለ፣ ማዕከሉ በገደብ ጊዜ እንዴት እንደሚሠራና ሌላ ቅርብ ማዕከል የት እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። አንድ ቀጠሮ ማለፍ ለሕይወት ያሰጋል። እጥበት ቢዘገይ ፈሳሽ፣ ጨውና እንደ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንችና ቲማቲም ያሉ ፖታሲየም የሚበዛባቸውን ምግቦች ስለ መቀነስ ከባለሙያ ምክር ያግኙ።

• ነፍሰ ጡር ካለች፣ ሌሊት የሚሠራውን የቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወቁ። የሚወስዳት መኪና ወይም አምቡላንስ ከወዲሁ ይታሰብ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

• የሕፃናት ክትባት አይቋረጥ። ኩፍኝ የኮቪድን ማለፍ አይጠብቅም።

• ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ወይም አረጋውያን ካሉዎት፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብታቸውን ያስረዷቸው። የሐኪማቸውን ስልክ በአማርኛ ጽፈው በግድግዳ ላይ ይለጥፉላቸው።

ገደብ ቢኖርም ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና የሚሄዱት መቼ ነው?

የሕክምና አስቸኳይ ሁኔታ ገደብን አይጠብቅም። እነዚህ ከታዩ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም፤
• የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር፤
• ራስን መሳት ወይም የሰውነት መንቀጥቀጥ፤
• ነፍሰ ጡር ላይ መድማት፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ወይም የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ፤
• ሕፃን ጡት መጥባት ሲያቅተው፣ ሲደክም ወይም የበላውን ሁሉ ሲያስመልስ።

“አሁን ሆስፒታል መሄድ አደገኛ ነው” ብለው ቤት አይቆዩ። መሸፈኛዎን አድርገው፣ ከአንድ አስታማሚ ጋር ብቻ ይሂዱ።

በመጨረሻም

በቀጣዩ ወረርሽኝ መንግሥት ሰፈርዎን ብቻ ሊዘጋ ይችላል፣ ከተማውን በሙሉም ሊዘጋ ይችላል። ውሳኔውን እርስዎ አይወስኑም። መጠየቅ ግን ይችላሉ። በቀበሌ ስብሰባ፣ በዕድር፣ በማኅበረሰብ ማኅበርዎ ወይም ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ይህንን ይጠይቁ፦ ሰፈራችን ቢዘጋ መድኃኒት የሚያመጣልን ማነው? ምጥ የያዛትን ሴት የሚያወጣ መኪና የማን ነው? የሜልቦርን ፎቆች ነዋሪዎች ይህንን የጠየቁት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር። እርስዎ አሁን፣ በሩ ክፍት ሳለ ይጠይቁ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። የራስዎን ሕመምና መድኃኒት በሚመለከት ሁልጊዜ የሚከታተልዎትን ሐኪም ያማክሩ።